ከበሮ በሚመታበት ቤት ፋየር አላርም ስገጥም

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የምተዳደረው ፋየር አላርም በመግጠም ነው። ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ የአረጋውያን መኖሪያ ሠርቻለሁ። ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉት ሆርንና ስትሮብ ከሁሉ አብልጦ ያስተማረኝ ግን የእኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። ምእመናኑ አዋጥተው አንድ አሮጌ የንግድ ሕንፃ ገዙ። ላይኛው ፎቅ ለቅዳሴና ለማኅሌት፣ ምድር ቤቱ ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለሠርግና ለተዝካር ታሰበ። እኔ ያለሁበት ድርጅት ሥራውን ወሰደ፤ እኔም መራሁት። በውጭ አገር ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ማኅበራት አሮጌ ሕንፃ እየገዙ ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍ ብያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሕጉ ትንሽ። እዚህ አገር በሚሠራበት የሕንፃ ኮድ መሠረት 300 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ፋየር አላርም ሊኖረው ይገባል። 1,000 ከደረሰ ደግሞ በንግግር መልእክት የሚያስተላልፍ ሲስተም ይጠየቃል። የእኛ በመሀል ስለሆነ ሆርንና ስትሮብ በቂ ነው። ሆርኑ የሚጮኸው፣ ስትሮቡ ብልጭ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ቀይ ወይም ነጭ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ጩኸቱም እንደፈለጉ የሚጮኹት አይደለም። ግማሽ ግማሽ ሰከንድ የሚቆይ ድምፅ ሦስት ጊዜ፣ በመሀላቸው ግማሽ ሰከንድ ዝምታ፣ ከሦስተኛው በኋላ አንድ ሰከንድ ተኩል ዕረፍት። ከእ.ኤ.አ. 1996 ወዲህ ይህ ምት «ከሕንፃው ውጡ» ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ስትሮቡ መስማት ለተሳናቸው ነው። በሕዝብ ሕንፃዎች ውስጥ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ ከፈረሙ በኋላ ነው። ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የጋሉዴት ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚማሩበት ትልቅ ተቋም ስለሆነ በአካባቢያችን በምልክት ቋንቋ የሚነጋገር ሰው ብዙ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን አለ።

ወደ ሥራው ልግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሆርኑ ምን ያህል ይጩኽ የሚለው ነው። ኤንኤፍፒኤ 72 የሚባለው የአላርም ኮድ ልኩን ያስቀምጣል። ድምፁ ከቤቱ አማካይ ጫጫታ በ15 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ወይም ቢያንስ ለ60 ሰከንድ ከሚቆየው ከፍተኛ ጫጫታ በ5 ዴሲቤል መብለጥ አለበት። ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። የሚለካው ከወለሉ 5 ጫማ ከፍ ብሎ ነው። ብዙ ሰው ባዶ ሕንፃ ውስጥ ለክቶ ይሄዳል። ባዶ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ነው። እኔ መለኪያዬን ይዤ የሄድኩት በበዓል ቀን፣ ወረብ ሲወረብ ነው። ከበሮ አለ፣ ጸናጽል አለ፣ እልልታ አለ፣ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ አለ። መለኪያው ከ95 ዴሲቤል አልፎ ቆየ።

አሁን አስቡት። በዚያ ላይ 15 ስንጨምር 110 እንደርሳለን። 110 ደግሞ ኮዱ የሚፈቅደው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ጆሮ ይጎዳል። ሕፃናት ታቅፈው በሚቆሙበት ቤት እስከዚያ መድረስ አልፈለግኩም። ስለዚህ መንገዱ ሆርኑን ማስጮህ ሳይሆን ጫጫታውን መቀነስ ሆነ። ፓኔሉ ላይ፣ ማለትም ሲስተሙን በሚቆጣጠረው ሳጥን ላይ፣ አንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አስገባሁ። አላርም ሲነሳ የሞንታርቦው ኃይል ወዲያው ይቋረጣል። ሙዚቃ ባለበት ማንኛውም አዳራሽ ይህን ነገር ጠይቁ፤ ዋጋው ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም።

ከበሮ ግን የሚቋረጥ ሽቦ የለውም። ሞንታርቦው ቢጠፋም መዘምራኑ በተመስጦ ሊቀጥሉ ይችላሉ። መብራት ጠፋ ብለው ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሁሉ አሉ። መልሱ ያለው ስትሮቡ ላይ ነው። ማኅሌት ላይ ካህናቱና መዘምራኑ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ስትሮብ ብትሰቅል ግማሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። በሁለቱም በኩል አደረግኩ። ሞንታርቦው ድንገት ጸጥ ሲል ሰው ቀና ይላል፤ ቀና ሲል ብልጭታው ዓይኑ ላይ ማረፍ አለበት።

ሰበካ ጉባኤው ስለ ወጪው ሲጠይቀኝ የቤቨርሊ ሂልስ ሰፐር ክለብን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንታኪ ውስጥ የተቃጠለ የመዝናኛ ቤት ነው። 165 ሰው ሞቷል። ሰውን የሚያስጠነቅቅ አላርም አልነበረውም። ትርኢት በሚታይበት ትልቁ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሰዎች እሳት መነሳቱን የሰሙት አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሠራተኛ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይኩን ይዞ «ውጡ» ስላላቸው ነው። ዋልተር ቤይሊ ይባላል። የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። እኔ ግን የአንድ ቤት ሰው ሕይወት በአንድ ወጣት ድፍረት ላይ እንዲንጠለጠል አልፈልግም። ገንዘቡን ፈቀዱ።

ከባዱ ነገር መቅደሱ ነበር። ኮዱ ሰው የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ ያያል። ሥርዓታችን ደግሞ ምእመን መቅደስ አይገባም። ቀሲስን አነጋገርኳቸው።

«ልጄ፣ ይህን ነገር መቅደስ ውስጥ መስቀል ግድ ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ እርስዎ ውጭ ያለውን ብልጭታ አያዩትም። ድምፁም ታፍኖ ነው የሚደርስዎት።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ታቦቱ ከመግባቱ በፊት ጨርስ» አሉኝ። እንዲያው አደረግን። ሽቦውንና መሣሪያውን ከሁሉ ቀድሜ እዚያ ጨረስኩ። ክፍሉ 20 በ20 ጫማ ውስጥ ስለሚገባ 15 ካንዴላ (የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው) ስትሮብ በቃው። አሁን በየዓመቱ ፍተሻ ሲደረግ ወደ ውስጥ የሚገባው አንድ ዲያቆን ነው። ሆርኑ መጮኹን፣ ስትሮቡ ብልጭ ማለቱን አይቶ ይነግረኛል፤ እኔ እመዘግባለሁ። የተሰበረ ነገር ካለ እንዴት እንደሚቀየርም አስተምሬዋለሁ። በጣም ቀላል ነው፤ የኋላው ሳህን ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ፊቱ ብቻ ይነቀላል።

ስለ ካንዴላ ካነሳሁ አይቀር፣ ክፍሉ ሲሰፋ የብርሃኑ ጉልበት በፍጥነት ያድጋል። 40 በ40 ጫማ ክፍል 60 ካንዴላ፣ 60 በ60 ጫማ ክፍል 135 ካንዴላ ይፈልጋል። ኮሪደር ላይ 15 ካንዴላ ይበቃል፤ በሁለቱ መካከል ግን ከ100 ጫማ በላይ እንዳይራራቅ፣ ከኮሪደሩ ጫፍም ከ15 ጫማ እንዳይርቅ። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከወለሉ ከ80 እስከ 96 ኢንች ነው። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆርን ሳይሆን ስትሮብ ብቻ አደረግኩ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆርን ጆሮ ያደነቁራል፣ ከኮሪደሩ የሚመጣው ድምፅም በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ተገኝቷል የምለው በሩ ተዘግቶ ስለለካሁት ነው።

አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። በአንድ እይታ ውስጥ ከሁለት በላይ ስትሮብ ካለ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ብልጭ ማለት አለባቸው። አንዱ ሲበራ ሌላው ከጠፋ ብልጭታው ተደማምሮ ይፈጥናል፤ ፈጣን ብልጭታ የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህን ማስማሚያ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚሠራው። የሲስተም ሴንሰርን ከዊሎክ፣ የዊሎክን ከጄንቴክስ በአንድ መስመር መቀላቀል ራስ ምታት ነው። ሕንፃው ውስጥ የቆዩ መሣሪያዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ደህና ይሠራሉ። ሁሉንም አውርጄ አንድ ዓይነት ሰቀልኩ።

የድሮውን ሽቦ ስፈታ ያገኘሁት ነገር አናዶኛል። ከዚህ በፊት የገጠመው ሰው ከመስመሩ መሀል ቅርንጫፍ እያወጣ ነበር የሄደው። ለምን አደገኛ እንደሆነ ልንገራችሁ። በሰላሙ ጊዜ ፓኔሉ በሆርኑ መስመር ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ በተገላቢጦሽ ይልካል። መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለ ሬዚስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ያንን ይመልሳል። ሽቦው ከተቆረጠ ምላሹ ይቀራል፣ ፓኔሉም ብልሽት አለ ብሎ ያስታውቃል። አላርም ሲነሳ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ይገለበጣል፣ ያኔ ሆርኑ ይጮኻል። ቅርንጫፍ ላይ ያለ መሣሪያ ግን ከዚህ ቁጥጥር ውጭ ነው። ሽቦው ቢበጠስ ማንም አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ፓኔሉ ላይ አረንጓዴ መብራት ይታያል፤ እሳት ሲነሳ ያ ክፍል ዝም ይላል። ስለዚህ ሽቦው እያንዳንዱ መሣሪያ ጋ ተቆርጦ፣ ገብቶ መውጣት አለበት።

ርዝመቱም ሌላ ጉዳይ ነው። መስመሩ 24 ቮልት ይባላል፤ ስናሰላ ግን ባትሪው ሊያልቅ ሲል ያለውን 20.4 ቮልት ነው የምንይዘው። መሣሪያዎቹ የሚፈልጉት ዝቅተኛ 16 ቮልት ነው። መንገድ ላይ ልናጣ የምንችለው 4.4 ቮልት ብቻ ነው ማለት ነው። 14 ቁጥር የመዳብ ሽቦ በ1,000 ጫማ 3.07 ኦም ገደማ ይዟል፤ ኦም ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው። 2 አምፔር የሚስብ መስመር 350 ጫማ ቢረዝም፣ ደርሶ መልስ 700 ጫማ ነውና 4.3 ቮልት ገደማ ይበላል። ከዚያ በኋላ አንድ ስትሮብ እንኳ መጨመር አይቻልም። ምድር ቤቱ ሩቅ ስለነበር እዚያው ሌላ የኃይል ሳጥን ከራሱ ባትሪ ጋር ተከልኩ። ባትሪው መብራት ከጠፋ በኋላ 24 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ ለ5 ደቂቃ ማስጮህ እንዲችል ነው የተመረጠው።

ሌሊት ማኅሌት ሲኖር ልጆች ምንጣፍ ላይ የሚተኙባት ክፍል አለች። በወረቀት ላይ መኝታ ቤት አይደለችም። ልጆቹ ግን ይተኛሉ። የተለመደው ሆርን ድምፅ ቀጭን ነው፤ የተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ አይነቃበትም። ወፈር ያለው 520 ኸርዝ ድምፅ የተሻለ ይቀሰቅሳል። ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ ለመኝታ ክፍሎች ግዴታ የሆነውም ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ በብዛት ይስባል፣ ዋጋውም ይበልጣል። እዚያች ክፍል ውስጥ አስገባሁት። ማንም አላስገደደኝም።

ዕጣኑስ? ለሚለው፣ የጭስ ጠቋሚ በቅኔ ማኅሌቱ ላይ አልሰቀልኩም። ሕንፃው በሙሉ የውሃ መርጫ አለው። ውሃው መፍሰስ ሲጀምር አላርሙ ይነሳል፤ መውጫ በሮች ጋ ደግሞ በእጅ የሚጎተተው ሳጥን አለ። የጭስ ጠቋሚው ፓኔሉ ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ማዕጠንት በወጣ ቁጥር የሚጮኽ አላርም ሰውን ችላ ማለት ያስተምረዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ አንዱ መሰላል አምጥቶ በፕላስቲክ ይሸፍነዋል። አይቻለሁ።

የካውንቲው ኢንስፔክተር ከመምጣቱ በፊት የራሳችንን ሙከራ አደረግን። መስማት የተሳናትን አንዲት እህታችንን አብራን እንድትዞር ጠየቅኳት። ሁሉንም ክፍል በሩን ዘግታ፣ ፊቷን አዙራ፣ ጎንበስ ብላ ሞከረች። ምድር ቤት ከኩሽናው አጠገብ፣ ምጣዱ ያለበት ጥግ ላይ ቆመችና ራሷን ነቀነቀች። የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ብርሃኑን ይጋርዳል። ማቀዝቀዣው ቦታ ተቀየረለት። ይህን እኔም ኢንስፔክተሩም አናየውም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድምፁን ለሁሉም አሰማን። አንዲት እማማ «ልጄ፣ እኔ እኮ የመኪና ጩኸት መስሎኝ ቁጭ ብዬ እቀር ነበር» አሉኝ። ድምፁ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛና በትግርኛ ተነገረ። ቀጥሎ ሁሉም እንዲወጣ ተደረገ። በሩ ላይ ተጨናነቅን፤ ሰው ሁሉ ጫማውን እየፈለገ ነበር። የጫማ መደርደሪያው ከዋናው መውጫ አጠገብ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ኮድ አያስብልህም። መደርደሪያውን ወደ ጎን ክፍል አዛወርን፣ «አላርም ሲጮህ በባዶ እግር ውጡ» ተብሎም ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ልምምድ በጣም ፈጥኗል።

ሕንፃው ኢንስፔክሽኑን አለፈ። አሁን የሚያስቸግረኝ የምድር ቤቱ አዳራሽ ነው። ሠርግ ሲኖር ዲኮር የሚሠሩት ልጆች ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ያለብሱታል። ስትሮቡ ከጨርቁ ኋላ ይቀራል። የተቻለውን ወደ ኮርኒሱ አወጣሁ፤ ግድግዳ ላይ የቀሩት ግን አሉ። ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግረን በአዳራሽ ኪራይ ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባን፦ ማንኛውም መጋረጃ ወይም ጌጥ ከስትሮብና ከመውጫ ምልክት ላይ እንዳያርፍ፣ ካረፈ ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲነሳ። ሠርግ ባለ ቁጥር ቁልፉን የሚያስረክበው ወንድማችን ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት በግድግዳው ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞራል።