የ30 ዓመቱ ስፓርክስቴሽን እና ሦስት ቅዳሜዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ግራጫ ሳጥን አለ። ባለቤቴ "ያ ቆርቆሮ" ነው የምትለው። ጠፍጣፋ ስለሆነ አሜሪካኖቹ በፒዛ ካርቶን ይመስሉታል። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ስፓርክስቴሽን 20 የተባለ ኮምፒውተር ነው። ፒክሳር ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራውን የመጀመሪያውን ረጅም የአኒሜሽን ፊልም በ1995 ሲያወጣ፣ ምስሎቹን ያሰላው 117 የሰን ማሽኖችን ደርድሮ ነው። እኔ የአንዷን አቅም ለማሳደግ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ስገዛት ባለ 60 ሜጋኸርዝ አንድ ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበራት። ዲስኳ እንደ ቡና ወፍጮ ይጮሃል። ክዳኑን ስከፍት ግን ውስጧ ባዶ ቦታ በባዶ ቦታ ነው። ሁለተኛ ፕሮሰሰር መቀመጫ አላት። ለካርድ አራት፣ ለሜሞሪ ስምንት ማስገቢያ አላት። ባዶ ማስገቢያ አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ልክ እንደ መጀመሪያው ያለ ሁለተኛ ፕሮሰሰር፣ አራት ባለ 64 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ ባለ 100 ሜጋቢት የኔትወርክ ካርድ፣ እንዲሁም በኤስዲ ካርድ የሚሠራ የስካዚ (የድሮ ዲስክ ማገናኛ ዓይነት ነው) ዲስክ አስመሳይ አዘዝኩ።

ሁሉም በአንድ ሳምንት ደረሰ። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ካቻቪቴዬን ይዤ ወረድኩና አንድም ሳላስቀር ሰካሁት። ፓወሩን ስጫን ፋኑ ዞረ። ከዚያ ጭጭ።

ሰፈራችን ውስጥ በ90ዎቹ ሲስተም አድሚን የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ደወልኩላቸው።

"ምን ምን ጨመርክ?"

"ሁሉንም።"

"ባንዴ?"

"አዎ ጋሼ።"

"በል ሁሉንም አውጣ።" ስልኩን ዘጉት።

አወጣሁ። በነበረችበት ስትሆን ተነሳች። ከዚያ አንዱን ሰክቶ ማስነሳት፣ ማጥፋት፣ ሌላውን ሰክቶ ማስነሳት። አሰልቺ ነው፤ ግን ጥፋተኛው በሁለተኛው ሙከራ ተያዘ። ሜሞሪ ነበር። ባለ 200 ፒን ስለሆነ ለመግባት የሚጠይቀው ጉልበት ያስፈራል። ቦርዱ ይሰበርብኛል ብዬ ለስለስ አድርጌ ነበር የገፋሁት። አንደኛው ጫፍ የወረቀት ውፍረት ታህል ከፍ ብሎ ቀርቷል። በሁለት አውራ ጣቴ ስጫነው "ቀጭ" አለ። ለዚያች "ቀጭ" ሙሉ ከሰዓት ሄዷል።

ሁለተኛውን ቅዳሜ የበላው ግን ጨርሶ ያላሰብኩት ነገር ነው። ስትነሳ "የመታወቂያዬ ይዘት ልክ አይደለም" የሚል መልእክት ታወጣለች። ሰን የማሽኑን መለያና የኔትወርክ አድራሻ የሚያስቀምጠው ባትሪው እዚያው ውስጡ በተቀበረ አንድ ቺፕ ላይ ነው። ባትሪው አሥር ዓመት አካባቢ ቢሠራ ነው። የኔዋ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ኔትወርክ ካርድ ገዝቼ ማሽኗ የራሷን አድራሻ አታውቅም! ድሮ ያረጀውን ሳላይ አዲስ ልጨምር መሮጤ አናደደኝ።

አዲስ ቺፕ ከመፈለግ ያለውን ማዳን ይሻላል አልኩ። ነቅዬ አወጣሁትና ጠንካራውን ጥቁር ፕላስቲክ ከአንድ ጫፉ በኩል በሞረድ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ጀመርኩ። ሽታው ያስጠላል፤ መስኮት ክፈቱ፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ስፍቅ ሁለት የሚያብረቀርቁ የብረት ነጥቦች ብቅ አሉ። የሞተውን ባትሪ ከነሱ ቆርጬ ለየሁት። በሁለት ቀጫጭን ሽቦ የሰዓት ባትሪ መያዣ በየድኩበትና አንዲት ሲአር 2032 አስገባሁ። ቺፑ ላይ ተለጥፋ የነበረችው ቁጥር ያለባት ወረቀት በፍቂያው ግማሿ ተበልታለች። ደግነቱ ቀድሜ በስልኬ አንስቻት ነበር። ያቺ ቁጥር የአድራሻው መጨረሻ ናት። መጀመሪያው ለሰን ማሽኖች የታወቀው 08፡00፡20 ነው። መታወቂያው በጠቅላላ 16 ባይት ሲሆን የመጨረሻው ባይት ከቀደሙት 15 የሚሰላ ማረጋገጫ ነው። አንዷን ስትሳሳት ሁሉንም ትጥለዋለች። በሦስተኛው ሙከራ ተቀበለችኝ።

ዲስኩ ቀላል ነበር። አስመሳዩን ከኋላ ባለው የስካዚ መውጫ ሰካሁትና ጯሂውን ዲስክ አወጣሁት። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሰን የሚነሳበትን ዲስክ የሚፈልገው ቁጥር 3 ላይ ነው፣ 0 ላይ አይደለም። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መጫኛ ሲዲ ደግሞ በ512 ባይት ካላነበበለት አይነሳም። ሁለቱም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይስተካከላሉ። የሰንን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሶላሪስ 8ን ጫንኩ። ምድር ቤቱ ጸጥ አለ።

ከዚያ ፕሮሰሰሩ። ስትነሳ "2" የሚል ቁጥር ስታሳይ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ሶላሪስ ውስጥ ገብቼ የፕሮሰሰሮቹን ዝርዝር ስጠይቅ ግን 0 እና 2 ይላል። 1 የት ሄደ? እንደገና ጋሼ ጋ ደወልኩ። ሳቁብኝ። ለካ እያንዳንዱ መቀመጫ ሁለት ፕሮሰሰር የተሸከመ ሞጁል ሊይዝ ስለሚችል ሁለት ሁለት ቁጥር ተመድቦለታል። የኔዎቹ አንድ አንድ ስለያዙ መሀሉ ይዘለላል። አልጠፋም፣ አልተበላሸም።

እጥፍ ፈጣን ሆነች ወይ? አንድ ፋይል ስጨምቅ ምንም ለውጥ የለም፤ ሁለተኛው ቁጭ ብሎ ያያል። ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ስሰጣት ነው ልዩነቱ የሚታየው። ኮምፓይል ሳደርግ (ኮድ ወደ ፕሮግራም ስቀይር) አንድ ቡና የሚፈላበት ጊዜ ተረፈኝ።

የኔትወርክ ካርዱን በተመለከተ፣ ገንዘቤን ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ከቦርዱ ባለ 10 ሜጋቢት ይሻላል፣ ግን 100ውን ለመሙላት ፕሮሰሰሩ አቅም የለውም። በነገራችን ላይ ለሙከራ የላክሁላት ፋይል ስሙ በአማርኛ ነበርና በጥያቄ ምልክት ሞላችው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የኮምፒውተር ቁጥር መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ እሷ አምስት ዓመት ትቀድመዋለች። አልፈርድባትም።

እስከዚያ ድረስ የማዛት ከላፕቶፔ በሲሪያል ኬብል ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ጋሼ ራሳቸው መጡ። ብብታቸው ሥር ቢጫ የሆነ አሮጌ የሰን ኪቦርድ ይዘዋል። "ስንት ቤት ስቀያየር አልጣልኩትም" አሉ። አጥፍተን ሰካነው፣ ስክሪንም አገናኘን፣ አስነሳናት። ትልቅ ኮምፓይል አስጀመርኩና ወንበሩን ለቀቅኩላቸው። መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ ግራ እጃቸው የስቶፕና የኤ ቁልፎችን ባንዴ ተጫነ። ማሽኗ ቀጥ አለች። ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ የሚጠብቀው "ኦኬ" ብቻ ቀረ።

"ጋሼ! ሥራ ላይ እኮ ነበረች!"

"አውቃለሁ" አሉና "ጎ" ብለው ጻፉ። ኮምፓይሉ ከቆመበት መስመር ቀጠለ።