ቡናው ወዳጄ፣ ጭሱ ጠላቴ

ጎንደር ውስጥ "አስም አለብኝ" ካላችሁ መድኃኒት የማያዝላችሁ ሰው የለም። የባጃጁ ሹፌር ነጭ ሽንኩርት በማር ይላል። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ፦ "ሰባት ቀን በባዶ ሆድህ ቃመውና ካልተሻለህ ምን አለች በለኝ!"

ሁሉንም ሞክሬያለሁ። አልዋሽም፣ ዝንጅብል በማር ጉሮሮዬን ያለሰልስልኛል፣ ዛሬም እጠጣለሁ። ስህተቴ ሌላ ነው። አምና አዝሙዱን ጀምሬ ሦስት ሳምንት ደህና ስሆን ቡኒውን ፓፍ (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ተውኩት። ቡኒው ሲያፍነን የምንስበው ሰማያዊው አይደለም፤ ጠዋትና ማታ ተወስዶ የአየር ቧንቧውን እብጠት ቀስ እያለ የሚያበርደው ነው። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ስታቆሙትም ጉዳቱ ወዲያው አይታወቃችሁም። በወሩ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደረቴ ሲር ሲር እያለ፣ አንድ ቃል በቅጡ መጨረስ አቅቶኝ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ሲስተሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ምን አቆምክ?" ብላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችንን በአፍንጫዬ ማየት ጀመርኩ። እማዬ በቀን ሦስቴ ቡና ታፈላለች። ቡናው ራሱ ምንም አላደረገኝም፤ እንዲያውም ካፌይን የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓት በመጠኑ ይከፍታል፣ ቴዎፊሊን የሚባለው የድሮ የአስም መድኃኒትም የቅርብ ዘመዱ ነው። (ፓፍ ግን አይተካም፣ እያፈናችሁ ሲኒ ይዛችሁ እንዳትቀመጡ።) እኔን የሚጥለኝ የከሰሉ ጭስ፣ ዕጣኑ፣ ቡናው ሲቆላ ምጣዱን እያዞሩ ማሸተቱ ነው። ይህን ለእማዬ ማስረዳት ከባድ ነበር፣ ያለ ዕጣን የተፈላ ቡና ለሷ የለቅሶ ቤት ቡና ነው። ሳምንት ሙሉ ተኮራረፍን። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ምጣዱን ይዛ ወደኔ ስትመጣ ጋቢዬን አፍንጫዬ ላይ ሳደርግ አየችኝ። መሀል ቤት ቆመች። ከዚያ ምንም ሳትል ዞራ ወደ በረንዳው ወጣች። አሁን ከሰሉም ቁላቱም ውጭ ነው፣ ዕጣን ለበዓል ብቻ፣ ያኔም እኔ ግቢ ነኝ። ሰማያዊውን በሳምንት አራት አምስቴ እስብ ነበር፤ ቡኒውን መልሼ ጭሱም ከወጣ ወዲህ ወር ሳልነካው ያልፋል።

ሌላ የጠቀመኝ ሃይላንድ ነው። የግማሽ ሊትሩን ቂጥ በጋለ ብረት በፓፉ አፍ ልክ ትበሱታላችሁ፣ ፓፉን ትሰኩበታላችሁ፣ አንዴ ነፍታችሁ በጠርሙሱ አፍ አምስት ስድስት ጊዜ ትተነፍሳላችሁ። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከሚለጠፍ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ አትወልውሉት፣ በራሱ ይድረቅ። ከቡኒው በኋላ ደግሞ አፍ መጉመጥመጥ አይረሳ።

የአተነፋፈስ ልምምዱም አይናቅም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቡቴይኮ የሚባል የሶቪየት ሐኪም የጀመረው አለ፤ አፍ ዘግቶ በአፍንጫ በቀስታ መተንፈስ ነው። ሳንባን አይለውጥም፣ ግን ጭንቀቱን ያበርዳል። የባህር ዛፍ እንፋሎቱን ግን ተውኩት፣ ሽታው ራሱ ያስነሳብኛል።

ለከተራ ወደ ፋሲል መዋኛ ስወርድ አቧራው አይቀርልኝም። ነጠላ አፌ ላይ፣ ሰማያዊው ኪሴ ውስጥ።

እትዬ ተስፋ አልቆረጡም። ትናንትም አዝሙድ በማር ለውሰው ላኩልኝ። ከቡኒው ፓፍ በኋላ በዳቦ በላሁት።