በስልክ የሚነዳ ሮቦት መኪና፦ ከኮዱ በፊት ባትሪውን እዩ

ሮቦት መኪናው አልሄድ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮዱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ባትሪው ላይ ነው።

የሚያስፈልጉት፦ አንድ አርዱይኖ ኡኖ (ኮዱ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ)፣ ኤል298ኤን የሞተር መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ኤችሲ-05 ብሉቱዝ፣ ማርሽ ያላቸው ሁለት ቢጫ ሞተሮች (ከ3 እስከ 6 ቮልት የሚሠሩት) ከነጎማቸው፣ በሁሉም አቅጣጫ የምትዞር አንድ ትንሽ ጎማ፣ ሁለት 18650 ሊቲየም ባትሪ ከነማቀፊያው፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ እንዲሁም የ1 ኪሎ ኦምና የ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። ለአካሉ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃል፤ ጠንካራ ካርቶንም ይሆናል።

ጀማሪዎች የሚወዷት አራት ማዕዘኗ የ9 ቮልት ባትሪ ለዚህ ሥራ አትሆንም። ሞተሮቹ ሲነሡ ወይም ጎማው ሲያዝ እያንዳንዳቸው ወደ 1 አምፔር ሊስቡ ይችላሉ። ያኔ የባትሪዋ ቮልቴጅ ይወድቃል፣ አርዱይኖው ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፣ ብሉቱዙም ይቋረጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መኪናው አንዴ ነቅነቅ ብሎ ይቆማል፣ የብሉቱዙ መብራትም ቶሎ ቶሎ ወደ መብለጭለጭ ይመለሳል። አራት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ደግሞ 6 ቮልት ቢሰጥም ኤል298ኤን ራሱ ወደ 2 ቮልት ስለሚበላ ለሞተሮቹ የሚደርሰው 4 አካባቢ ነው። ሁለት 18650 በተከታታይ ሲያያዙ 7.4 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሙሉ ሲሆኑ 8.4። እያንዳንዱ ከ3 ቮልት በታች ሳይወርድ ቻርጅ ይደረግ፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩም በፍጹም አይነካኩ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ርካሽ ቢሆንም ያበጠ ወይም የተላጠ ከሆነ ይጣል።

የባትሪው ፖዘቲቭ በማብሪያው አልፎ ለሁለት ይከፈል፦ አንዱ ኤል298ኤን ላይ 12 ቮልት ወደሚለው፣ ሌላው አርዱይኖው ላይ ቪን ወደሚለው። ኔጋቲቩ (ግራውንድ) ግን የባትሪው፣ የኤል298ኤኑና የአርዱይኖው አንድ ላይ መገናኘት አለበት። አርዱይኖው በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ኃይል እያገኘ ይህች አንዲት ሽቦ ከተረሳች ሁሉም መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይታዘዝም ወይም እንደፈለገ ይዞራል።

ኤል298ኤኑ ላይ ኢኤንኤ እና ኢኤንቢ በሚሉት ላይ ያሉትን ጃምፐሮች (ሁለት እግር የሚያገናኙ ትንንሽ ክዳኖች) አውጥታችሁ ኢኤንኤን እና ኢኤንቢን በሽቦ ከአርዱይኖው ፒን 5 እና 6 ጋር አያይዙ፤ ፍጥነት የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። አቅጣጫ የሚወስኑት አራቱ መግቢያዎች ከ7 እስከ 10 ባሉት ፒኖች ይግቡ። የብሉቱዙን መላኪያ ፒን 2፣ መቀበያውን ፒን 3 ላይ አድርጉ። ፒን 0 እና 1 ላይ ካደረጋችሁት ኮድ በጫናችሁ ቁጥር ሽቦ መንቀል ይኖርባችኋል። የብሉቱዙ መቀበያ የሚፈልገው 3.3 ቮልት ስለሆነ ከፒን 3 በ1 ኪሎ ኦም አምጡና ከመቀበያው ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦሙን አድርጉ። ያለ ሬዚስተር የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ እስኪቃጠል ድረስ።

ስልኩ አንድሮይድ ይሁን፤ አይፎን ከኤችሲ-05 ጋር አይግባባም። የማጣመሪያው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 1234 ነው፣ የመረጃው ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት።

ኮዱ ቀላል ነው፦ ለፊት፣ ለኋላ፣ ለግራ፣ ለቀኝና ለማቆም አንድ አንድ ፊደል ይበቃል። ብዙዎች የሚዘሉት ግን አንድ ነገር አለ፦ ለ500 ሚሊ ሰከንድ ትእዛዝ ካልመጣ ሞተሮቹ ራሳቸው እንዲቆሙ ማድረግ። ካልሆነ ግንኙነቱ ሲቋረጥ መኪናው በመጨረሻው ትእዛዝ ግድግዳ እስኪያገኝ ይሄዳል። ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ ፊደሉን ደጋግሞ የሚልክ አፕ ምረጡ፤ አንዴ ብቻ የሚልከው ከሆነ መኪናው ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ይቆማል።

መጀመሪያ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥታችሁ ሞክሩ። አንዱ ወደ ኋላ ከዞረ ኮዱን ሳትነኩ የዚያን ሞተር ሁለት ሽቦ አቀያይሩ። ቀጥታ ሲነዳ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሁለቱ ሞተሮች እኩል አይደሉም ማለት ነው፦ ኮዱ ውስጥ ያለውን የፈጣኑን ሞተር የፍጥነት ቁጥር (ከ0 እስከ 255 የሚሆነውን) ከ200 ወደ 185 አካባቢ እያወረዳችሁ ሞክሩ። ከ100 በታች ስትወርዱ ግን ሞተሩ ድምፅ እያሰማ ላይነሣ ይችላል።