ጫጫ ላይ ቤት ስንገዛ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስምንት ዓመት ተከራይተን ስንኖር አምስት ቤት ቀይረናል። የመጨረሻዋ አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ሊያገባ ሲል ግን "ቤቱን ልቀቁልኝ" አሉን፤ ምን ያድርጉ። የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ራት ሳታቀርብ ዝም ብላ ቆየችና "ከእንግዲህ ዕቃ የምጭነው ወደ ራሴ ቤት ነው" አለችኝ። እኔም ልቤ ውስጥ የነበረው እሱው ነው።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ እሷ አስተማሪ ናት። ሁለት ደሞዝ አለን፣ ሁለት ልጅ አለን። ደብረ ብርሃን ደግሞ ድሮ የምናውቃት ከተማ አይደለችም። ፋብሪካው በዝቷል፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ 2011 ላይ ተመርቋል፤ ከየቦታው የተፈናቀለው ወገናችንም የተጠለለው እዚሁ ነው። ቤት ፈላጊው ከቤቱ በላይ ሆነ። ያለቀ የብሎኬት ቤት ስንጠይቅ የሚጠራልን ዋጋ ካጠራቀምነው አራትና አምስት እጥፍ ነበር።

ስለዚህ ዓይናችንን ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞርን። ጫጫ ከደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ። ብዙ ሰው በመኪና መስኮት አይቷት ነው የሚያልፈው። አጠገቧ ግን አንጎለላ አለ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የቆረቆሩት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 የተወለዱበት። ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር አንጎለላ፣ ከአንጎለላ አንኮበር እየተመላለሱ ነበር የሚገዙት። ልጆቼ የሚያድጉት የምኒልክ እትብት በተቀበረበት አገር ነው ብዬ ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። ቤት ለመግዛት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ያየነው ቤት ሚያዝያ 2014 ላይ ነበር። አዲስ ነው፤ ግድግዳው ክሬም ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ የብረት። ባለቤቴ ገና ስትገባ የአልጋውን ቦታ መረጠች። ደላላው "ወንድሜ፣ ነገ ሌላ ሰው ይዞት ይሄዳል" እያለ ልቤን አጣደፈው። ቀብድ ልንሰጥ ስንል አጥር ተደግፈው ሲያዩን የነበሩ አንዲት እናት ጠሩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ቤቱን ነው የምታየው?"

"አዎ እማማ።"

"መሬቱንም እየው እንጂ። ዋልካ ነው። ክረምት ይግባና ና፣ ያኔ ታየዋለህ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግቢው ውስጥ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቋል። ኪሴ ውስጥ የነበረውን እስክሪብቶ ስንጥቁ ውስጥ ብሰደው ጠቅላላ ገባ፤ ጫፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ነው ያወጣሁት። ያን ቀን ቀብድ ሳንሰጥ ተመለስን። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ብቻዬን ሄድኩ። ቤቱ ተሸጦ ነበር፤ ገዢው አስገብቶ አሳየኝ። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ፣ ጣት ባያስገባም ሳንቲም ያስገባል። የመኝታ ቤቱ ወለል መሀሉ ላይ አብጧል። በሩ ከመቃኑ ጋር እየተፋተገ አልዘጋ ብሎ ከሥሩ በመጋዝ ተቆርጧል። ሰውየው "ግንበኛው ነው ያበላሸብኝ" አለኝ። እኔ ግን ግንበኛውን ብቻ መውቀስ አልቻልኩም። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በየዓመቱ ቤቱን ከታች ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ጥልቀት የሌለው መሠረት ይህን አይችለውም። ከቤቱ ጀርባ አምስት ስድስት ባሕር ዛፍም ነበር፤ ሥሩ በበጋ ውሃውን እየመጠጠ አፈሩን በአንድ ወገን ያደርቀዋል፤ ስንጥቁ የበረታውም በዚያው በኩል ነው። እኒያን እናት ሳላመሰግን መመለስ አልሆነልኝም፤ ስኳርና ቡና ይዤላቸው ገባሁ። ዛሬ ጎረቤታችን ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ስናይ ቅድሚያ የምንጠይቀው ጥያቄ "መሠረቱ ስንት ሜትር ወረደ?" ሆነ። ሻጭ ሁሉ "ሁለት ሜትር" ይላል። ስለዚህ አንድ የማምናቸውን አንጋፋ ግንበኛ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። እሳቸው ቀለም አያዩም። ግድግዳውን በቱንቢ ይለካሉ፣ ወለሉን በውሃ ልክ፣ ከዚያ "ዶማ አምጡ" ይላሉ። ሻጩ ከፈቀደ በአንድ ጥግ በኩል ከመሠረቱ አጠገብ ይቆፈራል። ያልፈቀደውን ሻጭ እኛም አመስግነን እንሄዳለን።

ሦስተኛው ቤት ላይ ሻጩ ራሱ ዶማ አቀበለን። ቦታው ከመንገዱ ከፍ ብሎ ድንጋያማ ነው። ግንበኛው ጋሼ ሲቆፍሩ ጥቁሩ አፈር ወገብ ድረስ ሆነ፤ ከዚያ ግራጫ፣ ዶማ የማይበላው መሬት መጣ። የድንጋይ መሠረቱ ያን ጠንካራ መሬት ነክቶ ቆሟል። ወለሉ ሥርም ዋልካው ተጠርጎ በገረጋንቲ ተሞልቷል። ጋሼ እጃቸውን አራግፈው "ልጄ፣ ይኼን የሠራ ሰው ለራሱ ሊኖርበት ነው የሠራው" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሰውየው ሥራው ወደ አዲስ አበባ ባይዛወር ኖሮ አይሸጠውም። ቤቱ ግን አላለቀም፤ ግድግዳና ጣሪያ አለው፣ በርና መስኮት ተገጥሟል፤ ልስን፣ ወለል፣ ኮርኒስና መብራት ቀርቶታል። ቦታው 200 ካሬ ነው። 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ጠየቀን፣ በ1 ሚሊዮን 80 ሺህ ተስማማን። ይህ ጥቅምት 2015 ላይ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለሚለኝ፦ 620 ሺህ የራሳችን ቁጠባ፣ 250 ሺህ ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ 120 ሺህ የባለቤቴ እቁብ፣ 90 ሺህ ከወንድሟ። ሳንቲም ሳትተርፍ ልክ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ። ስህተታችን እዚህ ላይ ነበር። የቤቱን ዋጋ ብቻ ነው የቆጠርነው። የስም ማዛወሪያው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ የደላላው 2 በመቶ፣ የውል ማጽደቂያው፣ የማመላለሻው ተደምሮ ወደ 50 ሺህ ብር ያህል ሆነብን። ባለቤቴ የአንገት ወርቋን ሸጠች። ዛሬም መልሼ አልገዛሁላትም፤ ይቆጨኛል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከዚህ ቤት በፊት ያየነው ሁለተኛው ቤት ነባር ይዞታ ነበር፤ መሬትን ከመንግሥት በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን እየከፈሉ መያዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ማለት ነው። ሻጩ "ሊዝ የለበትም" እያለ ነው የሚያሞግሰው። በሊዝ አዋጁ በ721/2004 መሠረት ግን ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል። ይህን ሳናውቅ ብንገዛ ኖሮ ክፍያው ዱብ ዕዳ ይሆንብን ነበር። የገዛነው ግን ከመጀመሪያውም በሊዝ የተያዘ ነው፤ ለመኖሪያ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፣ ከዚያ ላይ ያለፈውን ቀንሰን ቀሪው ለእኛ። ዓመታዊ ክፍያው የስንት ዓመት እንደተከፈለ በደረሰኝ አየን፤ ውዝፍ ቢኖር ኖሮ ወደ እኛ ይዞር ነበር። ይኸው አዋጅ ግንባታው ከግማሽ በታች የሆነን የሊዝ ይዞታ እንደ ልብ ማስተላለፍንም ይገድባል። አጥር ብቻ ያለው ቦታ "ቤት ነው" ብለው ለሚያሻሽጡ ሰዎች ጆሮ ያልሰጠነው ለዚህ ነው።

ካርታውን በፎቶ ኮፒ አይቼ አላመንኩም። ዋናውን ይዘን ማዘጋጃ ቤት ሄደን ከማኅደሩ ጋር አመሳከርን፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ አገኘን። አዋሳኙን በሜትር ለካን። የሻጩ ሚስት አዲስ አበባ ነበረች፤ "በስልክ ተስማምታለች" ተባልን። እኔ እሺ ልል ነበር። ባለቤቴ ግን "እህቴ ራሷ መጥታ ትፈርም፤ ነገ የእሷም እንባ እንዳይኖርበት" አለች። ሴትየዋ መጣች፣ ቤቱን ዞራ አይታ ትንሽ አለቀሰች፣ ፈረመች።

ቀብዱን ሳልናገር አላልፍም። ሻጩ በእጅ 100 ሺህ እንድንሰጠው ፈለገ። እኛ 50 ሺህ ብር፣ በጽሑፍ፣ በምስክሮች ፊት፣ "ቀብድ" የሚለው ቃል ተጽፎበት ሰጠን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ገዢ በ150 ሺህ ብር በለጠን። ሻጩ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ነገረን፤ አልዋሸንም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሂሳቡን ሲሠራው እጥፉን መልሶም ያተርፍ ነበር፤ ታዲያ ያቆመው ሕጉ ብቻ አይመስለኝም። አባቱን ይዞ ነበር የመጣው፤ አባትየው "ቃል ሰጥተሃል፣ አበቃ" አሉት። ውሉን በሚቀጥለው ሳምንት አስመዘገብን። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ካልሆነና ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ካልተመዘገበ ሙግት ሲነሳ ሊፈርስ እንደሚችል የነገረኝ የፋብሪካችን የሕግ ባለሙያ ነው።

ልስኑን የጀመርነው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ቶሎ ለመግባት ቸኩለን። በዚያ ወር የእኛ አገር ሌሊት ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ሠራተኞቹ የምሥራቁን ግድግዳ እስከ ማታ ድረስ ለሰኑት። በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስመጣ ግድግዳው ላይ መዳፌን ሳሳርፍ ልስኑ እንደ ቂጣ ፍርፋሪ እየተላጠ ወረደ። ሳይጠነክር ውሃው በውስጡ በርዶ ነው። ሲሚንቶ በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ነበር፤ ስድስት ኩንታል እንዲሁ ባከነ። ጋሼ ተቆጡኝ፦ "ለምን አልጠየቅከኝም?" ከዚያ በኋላ ሥራ ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ ይጀመራል፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ልስን የለም፤ ማታ ማታ በጆንያና በሸራ ይሸፈናል። ግንቦት ድረስ ብንታገሥ ኖሮ ግን ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ኮርኒሱንም በኋላ እናደርሳለን ብለን ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በቆርቆሮ ሥር ስናድር የትንፋሻችን እንፋሎት ቆርቆሮው ላይ እየቀዘቀዘ ሌሊት ፊታችን ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የመንዝ ዝተት፣ ያ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባይኖረን ልጆቹ ይታመሙ ነበር። ከቀለም በፊት ኮርኒስ፤ ከሳሎን ዕቃ በፊት አሸንዳ። አሸንዳው የጣሪያውን ውሃ ከመሠረቱ ያርቀዋል፤ በቤቱ ዙሪያም አንድ ሜትር ስፋት ድንጋይ አንጥፈን በሲሚንቶ አሰርነው። ውሃ መሠረቱ ሥር ካልተኛ ዋልካውም አያብጥም።

መመላለሱ እንዴት ነው ይሉኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ዳር እቆማለሁ፣ ሚኒባስ ካልዘገየ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፋብሪካ ነኝ። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ያዘግማል፤ ያን ጊዜ እዘገያለሁ። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ መኪና ይሳሳል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በመጣው ችግር መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናትም አሉ። ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት አድሬ አውቃለሁ፤ ልጆቹ በስልክ "አባዬ መቼ ነው የምትመጣው?" ሲሉ መልስ የለኝም። ይህን ሳልናገር ለሌላ ሰው "ጫጫ ግዛ" ማለት አልችልም። ባለቤቴ ዝውውር ጠይቃ እዚሁ ትምህርት ቤት ስላገኘች ነው ኑሮው የቀለለን፤ ሁለታችንም የምንመላለስ ብንሆን ልጆቹ በማን እጅ ይሆኑ ነበር?

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የፌሮውም የቆርቆሮውም ዋጋ ወደ ላይ ነው፤ ጓዳውና የውጪው ማድ ቤት እንደተጀመሩ ቆመዋል። ለጊዜው ባለቤቴ በቆርቆሮ በከለልንላት ቦታ ነው እንጀራ የምትጋግረው።

ሳሎኑ ውስጥ ከበሩ በላይ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አለች። መጀመሪያ ሳያት ሌሊቱን አልተኛሁም። ጋሼ "ጫፍና ጫፏን በእርሳስ ምልክት አድርግና ቀኑን ጻፍ፤ ካለፈችው ንገረኝ" አሉኝ። ጳጉሜን 2015፣ ጳጉሜን 2016፣ ጳጉሜን 2017 ብዬ ሦስት ቀን ጽፌባታለሁ። ሦስቱም ጊዜ ስንጥቋ እዚያው እርሳሱ ላይ ነች።