ሬሚዲያል የገቡ ሴቶችን ያገዝንበት መንገድ

የማስተምረው ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ ሬሚዲያል (ግማሽ ካላመጡት ለተመረጡት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) ተጀመረ፤ ወደኛም ከገጠር ወረዳዎች ብዙ ሴቶች ተመደቡ። አብዛኞቹ ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የመጀመሪያ ናቸው። ጊዜው 4 ወር ነው፤ ከውጤቱ 30 ከመቶው ከኛ፣ 70ው ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና። አንዷ እስክትለምድ የሚጠብቃት የለም።

ቲውቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ነበረ። ግን የሚመጡት ድሮም መጠየቅ የማይፈሩት ናቸው። ከገጠር የመጣችዋ "ቢሮዬ ክፍት ነው" ስለተባለች ብቻ አትመጣም፤ መምህሩ ወንድ ከሆነማ ስትገባ ያያት ሁሉ ምን እንደሚያወራ ስለምታውቅ ጭራሽ አታስበውም። ስለዚህ ሴት ሲኒየሮችን (ነባር ተማሪዎችን) መረጥኩ፣ ከተገኘ የአካባቢዋን ልጅ፣ ለአንዷ ሲኒየር ቢበዛ አራት ተማሪ። ዶርም ድረስ የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

"ችግር አለ?" የሚለውን ጥያቄ ተውነው፣ መልሱ ሁልጊዜ "ኧረ ደህና ነኝ" ነው። "ሃንድአውቱን ኮፒ አደረግሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። ምግብና ዶርም ከግቢው ነው፤ ኮፒው፣ ሞዴሱ፣ ሳሙናው፣ የስልክ ካርዱ ግን ከኪስ። ብር የሌላት ልጅ የጓደኛዋን ሃንድአውት የምታነበው ጓደኛዋ ከተኛች በኋላ ነው፣ ከዚያ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ የሚያያት መምህር ሰነፍ ይላታል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ለብዙዎቹ የኮፒ ብር ማፈላለግ ከተጨማሪ ክፍለ ጊዜ በላይ ጠቅሟል።

አልፈው ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ከሆኑ በኋላ ደግሞ ልቤ የሚሰቀለው የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ነው። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ለማንም ሳትናገር አገሯ ትገባለች። ሬጅስትራር ሄዳ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) ሞልታ ብትወጣ በኋላ ሪአድሚሽን (ተመልሳ መግባት) መጠየቅ ትችላለች፤ ዝም ብላ ከጠፋች ግን ያልተፈተነችው ኮርስ ኤፍ ሆኖ ሊጠብቃት ይችላል። ይህን የሚነግራት ሰው ስለሌለ ብቻ የቀረች ልጅ አውቃለሁ። አሁን "እሄዳለሁ" ያለችን ልጅ አንከራከራትም፣ ቢሮው ድረስ አብረናት እንሄዳለን። ሰልፍ ላይ ቆመን ስናወራ ሐሳቧን የቀየረችም አለች።

ሲኒየሮቹን በነጻ ማሠራት አያዛልቅም። እነሱም ተማሪ ናቸው፣ የመውጫ ፈተና አለባቸው። ቢያንስ የካርድ ብርና የምስክር ወረቀት ይገባቸዋል፤ ፋይናላቸው ሲደርስ ደግሞ ዶርም ለዶርም የምንዞረው እኛ ሴት መምህራኑ ነን።