የሌዲ ማክቤዝን ደምና ወተት በእርሳስ ሳሰምር

የማስተርስ ማሟያ ጽሑፌን የሠራሁት በሼክስፒር ዘመን ድራማ ላይ ነው። ያኔ ማሰብ የወንድ፣ ሥጋ የሴት ተደርጎ ይታይ ነበር። መድረኩ ይህን ተቀብሎታል ወይ? ጥያቄዬ ይኼው ነበር።

አማካሪዬ በንድፈ ሐሳብ ጀምሪ አሉኝ። እኔ ግን ከተውኔቶቹ ጀመርኩ። እርሳስ ይዤ፣ ስለ አካል በተወራ ቁጥር አሰመርኩ። የሼክስፒርን ማክቤዝ በፀጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሰው፣ ባሏን ንጉሡን እንዲገድል የምትገፋፋውን ሌዲ ማክቤዝን አይረሳትም። ለግድያ ስትነሳ መናፍስቱን የምትለምነው ጭካኔ ብቻ አይደለም። ሴትነቴን ውሰዱ፣ ደሜን አወፍሩት፣ የጡቴን ወተት በሐሞት ለውጡት ትላለች። ሐሳቧ እንዲጨክን መጀመሪያ ሥጋዋ መለወጥ አለበት!

ነገሩ የገባኝ የዘመኑን ሕክምና ሳነብ ነው። የሰው ጠባይ ከአራት ፈሳሾች ይቀዳል ብለው ያምኑ ነበር፤ ከደም፣ ከአክታ፣ ከቢጫና ከጥቁር ሐሞት። ሴት ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ወንድ ሞቃትና ደረቅ። ስለዚህ ፈላስፋውን ዴካርትን ሆን ብዬ ወደ ጎን አቆየሁት። አእምሮንና አካልን የለየበት መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1641 ነው፤ ሼክስፒር የሞተው በ1616። በዴካርት ዓይን ካየናት ሌዲ ማክቤዝ ቃላት እያሳመረች ብቻ ትመስላለች።

ልቤን የወሰደው ግን የጆን ዌብስተር «የማልፊዋ ዱቼስ» ነው። ባሏ የሞተባት ዱቼስ (የመሳፍንት ወገን የሆነች ገዢ) የወንድሞቿን ክልከላ ጥሳ የቤቷን አስተዳዳሪ በድብቅ ታገባለች። ሰላዩ ቦሶላ እርግዝናዋን ለማወቅ አፕሪኮት የሚባል ፍሬ ያቀርብላታል። ተስገብግባ ትበላለች፤ ወዲያው ምጥ ይጀምራታል። ሥጋዋ አሳበቀባት። እስከዚህ ድረስ «ሴት ሥጋ ናት» ባዮች ደስ ይላቸዋል። አራተኛው ገቢር ላይ ግን ሞት ደጇ ቆሞ «አሁንም የማልፊ ዱቼስ ነኝ» ትላለች። የሚያብደው መንታ ወንድሟ ፈርዲናንድ ነው። ተኩላ ሆኛለሁ ብሎ በሌሊት መቃብር ይቆፍራል። እንግዲህ ፍረዱ።

በዚያ ላይ እነዚህን ሴቶች የሚጫወቱት ወንድ ልጆች ነበሩ። በእንግሊዝ የሕዝብ ቴአትር ቤቶች ሴት ተዋናይት የወጣችው በ1660 ነው። ስለ ጡቷ ወተት የምታወራዋ ሌዲ ማክቤዝ ጡት የላትም ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ንግግሯን ጮክ ብዬ ሳነበው ሌላ ነገር ሆነብኝ። ከጽሑፌ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የወጣው ከዚያ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው፣ ሁለት ተውኔት ይበቃል። ሃምሌትን እኔ ጭራሽ አልነካሁትም። ስለሱ የተጻፈውን ልጨርስ ያለ ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል።