ሲድኒ ገበሬዎቿን የምታይበት ሜዳ

ሲድኒ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኦፔራ ሃውስ፣ ስለ ድልድዩና ስለ ባሕር ዳርቻው ነው። እኔም አይቻቸዋለሁ፤ እውነትም ያምራሉ። ግን ከሁሉም ምን ወደድክ ብትሉኝ መልሴ ሾውግራውንዱ፣ ማለትም የትርዒት ሜዳው ነው።

ቦታው ከመሀል ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ኦሊምፒክ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ባቡር እዚያው ያደርሳል። የፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን ከሆነ ግን መቀመጫ አትጠብቁ። ሕፃን በጋሪ የሚገፋው፣ ከዘራ የያዘው፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገው የገጠር ሰው፣ ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሮያል ኢስተር ሾው ወደሚሉት የግብርና ትርዒት። 12 ቀን ይቆያል። ደህና በሆነ ዓመት ከ800 ሺህ በላይ ሰው ይገባበታል።

ትርዒቱ የቆየ ነው። ሲድኒ የምትገኝበት ክፍለ ግዛት፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ የግብርና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1822 ተቋቋመና በዓመቱ የመጀመሪያውን ትርዒት ፓራማታ ላይ አሳየ። ከ1882 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሙር ፓርክ በሚባል ሰፈር ቆየ። አሁን ወዳለበት የመጣው በ1998 ነው። በ1919 በኅዳር በሽታው ወረርሽኝ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ2020 ደግሞ በኮቪድ ተቋርጦ ያውቃል። የአሁኑ ሰፈር ድሮ የከተማዋ ቄራና ቆሻሻ መጣያ የነበረበት ነው። ለ2000 ኦሊምፒክ ሲባል ጸድቶ ነው እንዲህ ያማረው። ከብት ለመታረድ ይነዳበት በነበረ ሰፈር ዛሬ ከብት ታጥቦና ተበጥሮ ሲሸለም ማየት ደስ ይላል።

እኔ ቀጥታ የሄድኩት ወደ በረቶቹ ነው። ገና በጠዋቱ ውኃው ይፈሳል፣ ማድረቂያው ይጮኻል። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ከእሷ አሥር እጥፍ የሚከብድ ወይፈን አጥባ በማድረቂያ ፀጉሩን ታደርቃለች። በአንድ እጇ ማድረቂያውን፣ በሌላው ማበጠሪያውን ይዛ ከታች ወደ ላይ ታበጥረዋለች። እግሩ እንዲሞላ፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ እንዲታይ ነው። ወይፈኑ ዓይኑን ጨፍኖ ያመሰኳል። የጅራቱን ጫፍ ሳይቀር ፈትታ አበጠረችው። ከትምህርት ቤቷ ጋር እንደመጣች ነገረችኝ። የግብርና ትምህርት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው ያሳደጓቸውን ወይፈኖች ይዘው ይወዳደራሉ።

ትንሽ ቆይቶ ዳኝነቱ ተጀመረ። ከብቶቹ ተሰልፈው ይዞራሉ፤ ዳኛው ዝም ብሎ ያያል፣ ይዳስሳል፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አካሄዳቸውን ይመለከታል። ከዚያ ማይክሮፎን ይይዛል። ልቤን የነካው ይሄ ነው። ሰማያዊ ሪባን አስሮ ብቻ አይሄድም። ይሄኛው አንደኛ የወጣው ጀርባው ረዥምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው፤ ያኛው ሥጋው ደህና ነው፣ ግን የኋላ እግሩ አቋቋም ይጎድለዋል፤ እያለ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ምክንያቱን ይናገራል። የተሸነፈውም የጎደለውን ሰምቶ ይሄዳል። አጥሩን ተደግፈው የሚያዩ የከተማ ሰዎችም ከብት እንዴት እንደሚታይ እዚያው ይማራሉ። የገበሬ ሥራ እንዲህ በአደባባይ፣ በምክንያት፣ በክብር ሲመዘን አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ወደ ትልቁ ጉልላት ገባሁ። ጣሪያው በእንጨት የተዋቀረ ሰፊ አዳራሽ ነው። ውስጡ የየአካባቢው ምርት ውድድር አለ። አምስት አካባቢዎች፣ አራቱ ከኒው ሳውዝ ዌልስ አንዱ ከጎረቤቱ ክፍለ ግዛት ከደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስላንድ፣ ያመረቱትን ይዘው እንደ ግድግዳ ከፍ ያለ ሥዕል ይሠራሉ። ቀለም የለም። ቢጫው በቆሎ ነው፣ ብርቱካንማው ዱባ፣ ነጩ የበግ ጠጉር፣ ቡናማው እህል። ከሩቅ ሳየው የመልክዓ ምድር ሥዕል መሰለኝ። ጠጋ ስል አንዱ የቀለም መስመር በአንድ ልክ የተመረጡ ፖም፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው የተደረደሩ ናቸው። ዳኞች የሚያዩት ውበቱን ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ምርት ጥራትም ነጥብ አለው። ያን ያህል የለፉት ሰዎች ስም እንደ ሠዓሊ ስም ሊታወቅ ይገባል ባይ ነኝ።

ግንድ ቆረጣውን ሳላወራ አላልፍም። ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ምላጭ የመሰለ መጥረቢያ ይዘው፣ እያንዳንዳቸው የተጋደመ ግንድ ላይ ይወጣሉ። የሚቆርጡት በእግራቸው መሀል ነው። አስጀማሪው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁሉም እኩል አይጀምሩም። ጉልበትና ልምዱ ያነሰው ቀድሞ ይጀምራል፤ ጎበዙ የእሱ ቁጥር እስኪጠራ መጥረቢያውን ይዞ ይጠብቃል። አጠገቡ ያለው ግማሽ ሲደርስ እሱ ገና ነው። ከዚያ ሲጀምር ስንጥሩ ወደ ላይ ይበናል፤ ግማሹን ቆርጦ ዞር ይልና በሌላው በኩል ይገባል። ብዙ ጊዜ ሁሉም የሚጨርሱት በሰከንዶች ልዩነት ነው። ተመልካቹ ተነስቶ ይጮኻል፤ እኔም ጮኬያለሁ።

የሚሽከረከሩ መጫወቻዎችም አሉ፣ ለልጆች በከረጢት የሚሸጡ ጣፋጭና አሻንጉሊቶችም አሉ። ወረፋው ረዥም ነው። እኔን አልሳቡኝም።

ከወራት በኋላ ወደዚያው ተመለስኩ። ዱባና ፖም የተደረደሩበት ጉልላት ውስጥ የኮሚክ ጀግና ልብስ የለበሱ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ። ሾውግራውንዱ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይፈታም። አንዱ ሳምንት ባዛር፣ ሌላው ኮንሰርት፣ ሌላው የሙያ ጉባኤ። ግቢው ውስጥ ባለው ስታዲየም በኦሊምፒኩ ጊዜ አሜሪካ ኩባን 4 ለ 0 አሸንፋ የቤዝቦል ወርቅ ወስዳለች፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ጃያንትስ የሚባለው የአውስትራሊያ ፉትቦል (ከእኛ እግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ነው) ቡድን ይጫወትበታል። ይሄን ሁሉ የሚያስተዳድረው ያው የግብርና ማኅበሩ ነው። ለትርፍ የቆመ ድርጅት አይደለም፤ ለገጠር ወጣቶች የትምህርት ዕድል የሚሰጥ ፋውንዴሽንም አለው። አንዳንድ ሰው አዳራሹ ለማንም ስለሚከራይ ቅር ይለዋል። እኔ አይለኝም። በ12 ቀን ትርዒት ብቻ ያን የሚያህል ግቢ ጠብቆ ማቆየት ከባድ ነው። የከተማው ሰው ለኮንሰርት ሲመጣ የሚከፍለው ኪራይ የልጅቷ ወይፈን የሚቆምበትን በረት ቢያቆይ ምኑ ይከፋል?

ለመሄድ ያሰበ ካለ በሩ እንደተከፈተ ግቡ፤ መጀመሪያ በረቶቹን እዩ። ከረፋድ በኋላ ሰው ይበዛና ከዳኝነቱ ሜዳ ዳር ቦታ አይገኝም። እንስሳቱም በየቀኑ ይቀያየራሉ፤ የወተት ላሞቹ ቀን የሥጋ ከብቶቹን ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ፕሮግራሙን ቀድማችሁ ተመልከቱ። ከብቱ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ካያችሁም ባለቤቱ ነውና አትፈሩ፣ ጠይቁት። ከሩቅ ነድቶ የመጣው ስለ ከብቱ ሊያወራ ነው።